ርካሹ የመንዝ በሬ ጉበቱ ሲታሰብ

ጥቅምትና ኅዳር በመንዝና በግሼ ሜዳዎች ከብቱ ጠግቦ የሚታይበት ወቅት ነው። ለፋሲካ ሰንጋ የሚያደልብ ነጋዴ ግን የበሬውን ሻኛ ብቻ ዓይቶ ከሚወስን፣ የት ሲግጥ እንደከረመ ደላላውን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ምክንያቱ የጉበት ትል ነው።

ትሉ ያለ ቀንድ አውጣ አይራባም፤ ቀንድ አውጣውም የሚፈላው ውሃ በሚተኛበት ረግረግ፣ በምንጭና በቦይ ዳር ነው። ዝናቡ አቁሞ ሌላው ሣር ሲደርቅ ለምለም ሆኖ የሚቀረው ይኸው ረግረግ በመሆኑ ከብቱ ወደዚያ ይወርዳል፤ የትሉንም ጫጩት ከሣሩ ጋር ይግጣል። ሕመሙ ወዲያው አይታይም። ትሉ ጉበቱን በስቶ፣ የሐሞት ቧንቧ ውስጥ ገብቶ እስኪያድግ እስከ 3 ወር ይፈጃል። ስለዚህ በጥቅምት ደህና የነበረው በሬ በጥር ፀጉሩ ቆሞ፣ ከስቶ፣ አንዳንዴም አገጩ ሥር ውሃ ቋጥሮ ለገበያ ይቀርባል። ዋጋው የሚረክሰውም ያን ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለውን በሬ ገዝቶ ፋጉሎና ፍሩሽካ መቆለል ትሉን መቀለብ ነው። ቄራ ሲደርስም ጉበቱ በምርመራ ይወገዳል፤ ጥሬ ጉበት የሚወድ ደንበኛ ላለው ሥጋ ቤት ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። መድኃኒቱ ከመኖው መቅደም አለበት። በየቦታው የሚገኘው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ በመሆኑ በኅዳር ለተገዛ በሬ እምብዛም አይረዳም። ለጋውንም ትል የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው። ከመድኃኒቱ በኋላ እስከ እርዱ መጠበቅ ያለባቸው ቀናት በማሸጊያው ላይ ተጽፈዋል፤ የፋሲካን ቀን ቆጥሮ የሚገዛ ነጋዴ እነሱንም ይቁጠር።

ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው የመርሐቤቴ ቆላ ደግሞ መዥገሩ ያይላል። ሌላው ስጋት ከዝናብ ጋር የሚመጣው አባ ጎርባ ነው። ይህ በሽታ የሚመርጠው የከሳውን ሳይሆን የፋፋውን ወይፈን ነው፤ ጭኑ ወይም ትከሻው ያብጣል፣ ሲዳሰስ ይንኮሻኮሻል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ክትባቱን እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ኃይል እስኪያገኝ 2 ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ፣ ከብቱን በክረምት ሊያቆይ ያሰበ ሰው በግንቦት ማስከተብ ይኖርበታል።