ሰው የሌለበት ደሴት

ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ምን ይታያል ብሎ የጠየቀን ቢኖር፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት መልሳችን ከድንጋይና ከወፍ በቀር ምን ይታያል የሚል በሆነ ነበር። ባለፈው ሐምሌ፣ በአገራችን ክረምቱ ሲጠና በአውሮጳ በጋ በሚሆንበት ወር፣ ለአጭር ትምህርት ወደ አየርላንድ ሄደን ሳለ ስኬሊግ ማይክል የምትባለውን ትንሽ ደሴት ለማየት ዕድል አጋጠመን። ከዚያ ወዲህ መልሳችን ተለውጧል። እንዴት እንደ ተለወጠ ለውድ አንባቢያችን ልናወጋ አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን።

ደሴቲቱ የምትገኘው በአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ፣ ኬሪ ከሚባለው አውራጃ የባሕር ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። የኬሪ ዳርቻ ራሱ ገደላ ገደል ነው፤ ማዕበል ሲመታው የኖረው ድንጋይ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰባብሮ ወደ ባሕሩ ገብቶ ይታያል። ደሴቲቱም የዚሁ ዘር ናት። ሜዳ የሚባል ነገር የላትም፤ ሁለት ጫፍ ያላት ቋጥኝ ሆና ከውኃው ቀጥ ብላ በመውጣት 218 ሜትር ከፍታ ትደርሳለች። ስሟም በአገሬው ቋንቋ የሚካኤል ቋጥኝ እንደ ማለት ነው። ዛሬ ቋሚ ነዋሪ የላትም፤ በበጋው ወራት ከሚሰነብቱት አስጎብኚዎችና ካብ ጠጋኝ ሠራተኞች በቀር የሚያድርባት ሰው የለም።

ፖርትማጊ ከምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ተነሥተን በጀልባ ለመሻገር ቀጠሮ ያዝን። አብሮን የነበረው ባልንጀራችን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል፣ የደጋ ተወላጅ የሆነ ወጣት ነው። ማለዳ ወደቡ ስንደርስ ሰማዩ ብራ፣ ውኃውም ጸጥ ያለ ነበር። ይሁን እንጂ የጀልባው ባለቤት የሆኑት አዛውንት ዛሬ አይኬድም አሉን። ገንዘብ ከፍለን፣ ከሩቅ አገር መጥተን፣ ቀኑም እንዲህ አምሮ ሳለ ስለ ምን እንከለከላለን ብለን ብንሞግታቸው፣ «ልጆቼ፣ መሄዱንስ እንሄዳለን፤ ቋጥኙ ሥር ግን ውኃው ከፍ ዝቅ ይላልና እግራችሁን የምታሳርፉበት አታገኙም» ብለው በትዕግሥት መለሱልን። በማግሥቱም እንደዚሁ ሳንሄድ ቀረን። በሦስተኛው ቀን ወደ ሰማዩ ሳይሆን ወደ ውኃው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ግቡ» አሉን።

ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከወደቡ ወጥተን ሰፊውን ባሕር ስንይዝ ጀልባይቱ እንደ ወንፊት ታንገዋልለን ጀመር። ባልንጀራችን የበላውን ቁርስ ለዓሦቹ መለሰ፤ እኛም ብዙ አልቆየንም። በመንገዳችን ታናሿ ስኬሊግ የምትባለው ሁለተኛይቱ ቋጥኝ ነጭ ሸማ የለበሰች መስላ ታየችን። ቀርበን ስናይ ነጩ ነገር ወፍ ነበር። ጋኔት የሚባሉት ታላላቅ የባሕር ወፎች ከ30 ሺህ በላይ ጥንድ ሆነው በዚያች ቋጥኝ ላይ ይፈለፍላሉ። ከሰማይ ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ተወረወረ ጦር ባሕሩ ውስጥ ይገቡና ዓሣ ይዘው ይወጣሉ። በእርሷ ላይ ግን ጎብኚ እንዲወርድ አይፈቀድም፤ የወፎቹ ርስት ናት።

ስኬሊግ ማይክል ስንደርስ አዛውንቱ ያሉት ነገር ገባን። ጀልባይቱ ከመውረጃው ደረጃ ጋር አንድ ጊዜ ትስተካከላለች፤ ወዲያው ደግሞ ታች ትቀራለች። እጃችንን ይዘው «አሁን!» ሲሉን ዘለልን። በላይ የተቀበለችን አስጎብኚ በእኛ ዕድሜ ያለች ወጣት ስትሆን፣ ጎብኚዎቹን ሰብስባ እንዲህ አለችን፦ «ወደ ላይ የሚያወጡት 618 ደረጃዎች ናቸው። በብዙው ቦታ የእጅ መደገፊያ የለም። በ2009 ዓ.ም. ሁለት ጎብኚዎች ከዚህ ወድቀው ሞተዋል። ልባችሁ ከፈራ ተመለሱ፤ እዚህ መመለስ ነውር አይደለም።» ባልንጀራችን ይህን ሰምቶ ፈገግ አለና፣ «እኛን የተራራ ልጆችን ነው በደረጃ የምታስፈራራው?» አለን። እኛም ሳቅን።

መውጣት ጀመርን። ደረጃዎቹ መነኮሳት ከሺህ ዓመት በፊት ያነጠፏቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ናቸው፤ አንዱ ሰፊ ሌላው ጠባብ፣ አንዱ ቀና ሌላው ዘመም ያለ ነው። በግራና በቀኝ ካለው ሣር ውስጥ ፐፊን የሚባሉት፣ መንቁራቸው በቀይና በብጫ የተቀባ የሚመስለው ትናንሽ ወፎች ከየጉድጓዳቸው ብቅ እያሉ ይመለከቱናል። 130 ሜትር ያህል ስንወጣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ካለችው ኮርቻ መሰል ሥፍራ ደረስን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይጠባል፤ ከታች ባሕሩ ብቻ ነው የሚታየው። ባልንጀራችን እዚያ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከዚህ አላልፍም» አለ። እኛም በማዘን ፈንታ፣ «ሦስት ቀን ጠብቀህ፣ ባሕር ተሻግረህ፣ እዚህ ደርሰህ ነው የምትቀመጠው? አገር ቤት ምን ብለህ ልታወራ ነው?» ብለን ነቀፍነው። እርሱ ምንም አልመለሰም። ትተነው ወጣን።

በላይ፣ ከባሕር ወለል 180 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ገዳሙ ተቀምጧል። ስድስት የንብ ቀፎ የሚመስሉ ጎጆዎችና ሁለት ትናንሽ የጸሎት ቤቶች በገደሉ አፋፍ ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉም ደረቅ ካብ ናቸው፤ ጭቃ የለ፣ ኖራ የለ። አናጺው እያንዳንዱን ረድፍ ድንጋይ ከታችኛው ጥቂት ወደ ውስጥ እያስገባ ክቦ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጥሞታል። ድንጋዮቹም ወደ ውጭ ዘንበል ብለው የተቀመጡ ስለ ሆኑ ዝናቡ ወደ ውስጥ አይገባም። ከውጭ ክብ የሆነው ጎጆ ከውስጥ አራት ማዕዘን ነው። ገብተን በጨለማው ውስጥ ስንቆም የነፋሱ ጩኸት በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ከጎጆዎቹ አጠገብ በኋላ ዘመን በኖራ የተሠራ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። የሚያስደንቀው ነገር በኖራ የተጣበቀው አብዛኛው ፈርሶ፣ ያለ ኖራ የተካበው መቆሙ ነው።

ገዳሙ ከ6ኛው እስከ 8ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ እንደ ተመሠረተ ይገመታል። የመነኮሳቱም ቁጥር ከአበ ምኔቱ ጋር ከዐሥራ ሦስት የበለጠ አልነበረም ይባላል። በገደሉ ላይ ካብ ክበው አፈር በመደልደል አትክልት አበቀሉ፤ ከቋጥኙ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በጉድጓድ አጠራቀሙ፤ ዓሣና የወፍ እንቁላል ተመገቡ። ስለ ምን ወደዚህ መጡ ብለን አስጎብኚዋን ብንጠይቃት፣ «የግብፅን በረሃ አባቶች ለመምሰል ነዋ! በአገራችን በረሃ ስለሌለ ባሕሩን በረሃ አደረጉት» ብላ መለሰችልን። ከአገራችን ወጥተን ይህን ያህል ርቀን ስለ አባ እንጦንስ ስንሰማ የቤታችንን በር የከፈትን ያህል ተሰማን። የደብረ ዳሞን አምባ በገመድ የሚወጡት አባቶች የምንኵስና ሥርዓትም ከዚያው ከግብፅ በረሃ የተቀዳ ነውና። አንዱ ወንዝ በሁለት አቅጣጫ ፈስሶ፣ አንደኛው የአባ አረጋዊን አምባ፣ ሁለተኛው ይህችን ቋጥኝ አጠጥቷል።

ባሕሩ ግን ሁልጊዜ አጥር አልሆነላቸውም። በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከሰሜን በመርከብ የመጡት ቫይኪንጎች ገዳሙን ዘርፈው፣ ኤትጋል የተባለውን አባት ማርከው እንደ ወሰዱትና በረኃብና በጥም እንደ ሞተ የአየርላንድ ዜና መዋዕል መዝግቦታል። መነኮሳቱ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ኖረው፣ አየሩ እየከፋ ሲሄድ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ ወደ ዋናው ምድር ተሻገሩ። በ1826 ዓ.ም. ደግሞ የመርከብ መሪ መብራት ተሠርቶባት ጠባቂዎች ከነቤተሰባቸው ገቡ። በፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በ1860ዎቹ የሞቱ የአንድ መብራት ጠባቂ ሁለት ልጆች ተቀብረዋል። በዚያች ትንሽ መቃብር አጠገብ ስንቆም፣ ሰው የሌለበት ደሴት ማለታችን ትክክል እንዳልነበረ ተረዳን። መብራቱ በ1987 ዓ.ም. ራሱን በራሱ እንዲሠራ ከተደረገ ወዲህ ጠባቂዎቹም ወጥተዋል።

ደሴቲቱ በ1996 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብላ ተመዘገበች። ስታር ዎርስ የተባለው ፊልም ከተቀረጸባትና በ2015 ዓ.ም. ከታየ በኋላ ደግሞ ፈላጊዋ በዛ። ነገር ግን በቀን እንዲወጣ የሚፈቀደው ሰው 180 ያህል ብቻ ነው፤ ያውም በበጋው ወራት። ነፋስና ማዕበል ያላፈረሱትን ካብ የጎብኚ እግር ሊያፈርሰው ይችላልና። ሦስት ቀን በመጠበቃችን ተቆጥተን የነበርነው እኛ፣ በዚህ ጊዜ አፈርን።

ወደ ታች ስንወርድ ካፊያ ጀመረ። ድንጋዩ ሳሙና ሆነ። ከኮርቻይቱ ሥፍራ ጥቂት ደረጃ ሲቀረን ቀኝ እግራችን ከድት አለና በመቀመጫችን ወደቅን። የያዘን ነገር ቢኖር የሣር ጭብጥ ነው። ባሕሩን ከጉልበታችን በታች ስናየው ልባችን ምን ያህል እንደ መታ አንናገርም። ቀሪውን ደረጃ እንደ ሕፃን ተቀምጠን ወረድን። ባልንጀራችን ከተቀመጠበት ሳይነሣ እጁን ዘረጋልን እንጂ አልሳቀም። «ይቅርታ አድርግልን ወንድሜ» አልነው። «ተወው፤ ይልቅ እዚያ ጉድጓድ ያለችውን ወፍ እያት፤ ከሄዳችሁ ወዲህ ለጫጩቷ አራት ጊዜ ዓሣ አመጣችላት» አለን። እኛ ባለፍንበት ቦታ ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ሲመለከት ቆይቶ፣ እኛ ያላየነውን አይቶ ነበር።

እነሆ፣ አሁን ወደ መሥሪያ ቤታችን ተመልሰናል። በጠረጴዛችን ላይ መዝገብ ሲከመርና ማን ያየኛል የሚል ስንፍና ሲመጣብን ስለነዚያ ጎጆዎች እናስባለን። ያን ድንጋይ ያነጠፈ ሰው ተቆጣጣሪ አልነበረበትም፤ ስሙን አልጻፈም፤ ደመወዝም አልጠበቀም። ሆኖም አንዱን ድንጋይ ከሌላው ላይ ሲያኖር ዝናቡ በየት በኩል እንደሚወርድ አስቦበታል። ከሺህ ዓመት በኋላ እኛ፣ ከማያውቀው አገር የመጣን እንግዶች፣ ከነፋሱ ተጠልለን በደረቁ ቆምንበት።