ነቃሽ ራስዋ የተነቀሰች ልትሆን ይገባታልን?

በጎንደርም በትግራይም ንቅሳት የቆየ የሴቶች ጌጥ ነው። ልጅዋን ልታስነቅስ የምታስብ እናት የነቃሽዋን አንገት አይታ፥ ንቅሳቱ ያማረ እንደ ሆነ «እጅዋ ብልኅ ነው» ብላ ትታመናት ይሆናል። እንዲህ ያለ ምስክር ግን በችሎት ፊት አይሰማም፤ የገዛ አንገቱን አሳምሮ ሊነቅስ የሚችል የለምና፥ በዚያ የሚታየው የሌላ ሴት እጅ ሥራ ነው።

እርግጥ ነው፥ ያልተነቀሰች ሴት የድድን ንቅሳት ሕመምና እብጠት የምታውቀው በወሬ ብቻ ነው። የቀመሰችው እጅዋ ይራራል ይባላል፤ ነገር ግን «እኔም ችዬዋለሁ» እያለች የምትጨክንም አትጠፋም።

ስለዚህ ሊታዩ የሚገባቸው እርስዋ የነቀሰቻቸው ሴቶች ናቸው፤ መስመሩ ቀጥ ብሎአልን? ቁስሉስ ሳያመረቅዝ ድኖአልን? ከዚህም ይልቅ መርፌው ይመርመር። ጥላሸቱን ከቆዳ በታች የሚያገባው መርፌ ደም ሳይነካ አይወጣም፤ ያው መርፌ ከአንዲቱ ወደ ሌላይቱ ሲዘዋወር የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ለልጂቱ አዲስ መርፌ ያላወጣች ነቃሽ፥ አንገትዋ እስከ ጆሮዋ በንቅሳት ቢያጌጥም፥ ከደጅ ትመለስ።