አብሽ፦ ከማፍጠሪያው ማዕድ እስከ ቤተ ሙከራው

በጂዛን ክልል፣ ለየመን ወሰን ቅርብ በሆኑት የፈይፋ ተራሮች ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ፣ ዐረቦች «ሑልባ» የሚሉት ዘር እንግዳ አይደለም፤ በሀገር ቤት በረመዳን ተበጥብጦ የሚጠጣው አብሽ ነው። በዚህ መራራ ዘር ውስጥ ዲዮስጀኒን የተባለ ስቴሮይድ አለ።

ስቴሮይዶች ሁሉ አራት የተያያዙ የካርቦን ቀለበቶች አሏቸው፤ ኮሌስትሮልም፣ ኮርቲዞንም፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖችም በዚሁ አጽም ላይ የቆሙ ናቸው። አሜሪካዊው ኬሚስት ራስል ማርከር ዲዮስጀኒንን ከሜክሲኮ የዱር ቦዬ አውጥቶ ወደ ፕሮጄስትሮን ለወጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1944ም ከሌሎች ጋር ሲንቴክስ የተባለውን ኩባንያ በሜክሲኮ ሲቲ መሠረተ።

በዲዮስጀኒን አምስተኛና ስድስተኛ ካርቦን መካከል ድርብ ትስስር አለ። ተጨማሪ አቶም ሊቀበል ስለሚችል ኬሚስቶች «ያልጠገበ» ይሉታል። እንዲህ ካለው ትስስር ጋር ከሚዋሐዱት መካከል ካርቢን እጅግ ቸኳይ ከሆኑት አንዱ ነው። ካርቦን በወጉ አራት ትስስር አለው፤ ካርቢን ግን ሁለት ብቻ ይዞ፣ በውጫዊ ምሕዋሩ ስምንት ሊሆን የሚገባው ኤሌክትሮን ስድስት ሆኖበት ይገኛል። ስለዚህ አብዛኛው ካርቢን በጠርሙስ አይቀመጥም፤ እዚያው ፍላስኩ ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 ዶሪንግና ሆፍማን ክሎሮፎርምን ከጠንካራ ቤዝ ጋር አገናኝተው ሁለት ክሎሪን የተሸከመ ካርቢን አስገኙ፤ እርሱም ድርብ ትስስር ላይ አርፎ የሦስት ካርቦን ቀለበት ሠራ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሲንቴክስ ኬሚስቶች በክሎሪን ፈንታ ፍሎሪን የያዘውን ካርቢን ያልጠገቡ ስቴሮይዶች ላይ ሞከሩት።

ቀለበቷ ትንሽ ብትሆንም የሞለኪዩሉን ቅርጽ ትለውጣለች፤ ሆርሞን ደግሞ እንደ ቁልፍ በቅርጹ ነው የሚሠራው። በሌላ መንገድ የተሠራው ሳይፕሮቴሮን የተባለ መድኃኒት እንዲህ ያለ የሦስት ካርቦን ቀለበት አለው፤ የወንድ ሆርሞንንም ሥራ ይገታል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው በቤተ ሙከራ ነው። የሰው አካል ዲዮስጀኒንን ወደ ሆርሞን አይለውጥም። «አብሽም ያው ስቴሮይድ ነው» ብሎ ለረጅም ጊዜ የታዘዘለትን የኮርቲዞን ክኒን በድንገት የሚያቋርጥ ሰው ለአደጋ ይጋለጣል፤ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማመንጨት አቁመው ሊሆን ይችላልና። አብሽ የደም ስኳርንም ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ጿሚ ምን ያህል አብሽ እንደሚጠጣ ለሐኪሙ ቢነግር፣ የመድኃኒቱ መጠን ይህን አውቆ ይታዘዝለታል።