ስለ ነጻ ሕክምና

ደዌ ድኻና ባለጸጋ ብሎ አይለይም፤ የሐኪም ዋጋ ግን ይለያል። ስለዚህ ሕሙማንን ማሳከም የማን ዕዳ ነው የሚለው ነገር ብዙ አገሮችን አከራክሯል።

በእንግሊዝ አገር፥ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1911 በወጣው ሕግ፥ ሠራተኛው ከደመወዙ እያዋጣ ይታከም ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን ከዚህ ውጭ ነበሩ። በ1942 ዊልያም ቤቬሪጅ የተባሉ ሊቅ ሕክምና ለሕዝቡ ሁሉ እንዲዳረስ መከሩ፤ በ1946ም ሕጉ ወጣ። ከሐኪሞች ብዙዎቹ፥ የመንግሥት ደመወዝተኛ ከሆንን ነጻነታችን ይቀራል ብለው ተቃወሙ። የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ አኑሪን ቤቫን ግን፥ ማንም ገንዘብ በማጣቱ ከሕክምና ሊከለከል አይገባም ብለው ጸኑ። በ1948 ሥራው ተጀመረ፤ ገንዘቡም አብዛኛው ከግብር የሚወጣ ሆነ።

ይሁን እንጂ ወጪው ከታሰበው በለጠ። በ1951 ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ዋጋ እንዲከፈል በተቈረጠ ጊዜ፥ ቤቫን ይህን ተቃውመው ሹመታቸውን ለቀቁ።

እንግዲህ ነጻ ሕክምና ማለት ዋጋ የሌለው ሕክምና ማለት አይደለም፤ በሽተኛው በታመመ ቀን የማይከፍለው፥ ሁሉም በደኅናው ቀን የሚያዋጣው ነው። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለ። የሚቀረው ክርክር፥ መዋጮው ምን ያህል ይሁን፥ ማንስ በታማኝነት ይጠብቀው የሚለው ነው።