በረዶ የሚመታው ገብስን ብቻ አይደለም



በዳባትና በደባርቅ ደጋ «በረዶ ወረደ» ሲባል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ገብሱስ?» ብሎ ነው። ዛሬ ግን «ሶላሩስ?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የትምህርት ቤቱ አምፖልም ሆነ የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ጣሪያ ላይ ባለ የሶላር ሰሌዳ ሊሠራ ይችላል። እኛም ተመርቀን የምንመደበው ወደዚያው ነው።

በቅድሚያ ያየነውን እንናገር። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ የደጋ ትምህርት ቤት፣ በግንቦት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወርዶ ግቢው ነጭ ሆነ። ሲያባራ መሰላል አቁመን ሶላሩን አየነው፤ መስታወቱ ደህና ነበር። «ተመስገን፣ ተርፏል» ብለን ወረድን። ዳሩ ግን ማታ እስከ ሦስት ሰዓት ይቆይ የነበረው መብራት ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደክም ጀመር። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ለፈተና የሚያጠኑት በዚያው መብራት ነበር። ነገሩ ግራ ቢገባን መጻሕፍት አገላበጥን፤ ያገኘነውም እነሆ።

በረዶ የሚሠራው በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ነው። እዚያ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞም ገና ያልረጋ የውሃ ጠብታ አለ። ይህ ጠብታ ትንሽ የበረዶ ፍሬ ሲነካ ላይዋ ላይ ይረጋል። ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር አንጠልጥሎ እስከያዛት ድረስ ፍሬዋ እየወፈረች ትሄዳለች፤ ክብደቷ ሲያሸንፈው ትወድቃለች። በእኛ አካባቢ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆነው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ግድም ነው። ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ መተማ ቆላ እስኪደርስ የሚቀልጠው በረዶ ደባርቅ ሲደርስ ገና ድንጋይ ነው።

የሶላር ሰሌዳ ከላይ የተጠናከረ መስታወት አለው። ከሥሩ ያሉት ሴሎች ግን ውፍረታቸው ከ0.2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ እንደ እንጀራ ድርቆሽ በቀላሉ ይሰበራሉ። በረዶው ሲመታው መስታወቱ ጥቂት ጎብጦ ይመለሳል፤ ሴሉ ግን ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ሴሎቹ በተርታ የተያያዙ በመሆናቸው፣ በሊማሊሞ ገደል በነጠላ ከሚሄዱ በቅሎዎች አንዷ ብትደክም ከኋላ ያሉት ሁሉ እንደሚቆሙት፣ የአንዱ ሴል መድከም የሌሎቹንም ኃይል ይይዛል። የተጎዳው ሴልም ሊግል ይችላል።

የበረዶው ስፋት በእጥፍ ሲጨምር ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አይኢሲ 61215 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ሰሌዳ የሚፈተነው በአብዛኛው 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው፣ ማለትም ከአንድ ብር ሳንቲም ጥቂት በሚያንስ በረዶ ነው። ይኸውም በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት 11 ቦታ ላይ ይተኮስበታል። ከዚያ የሚበልጥ በረዶ ሲመጣ ግን ዋስትናው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በአሜሪካ ቴክሳስ በአንድ ማመንጫ ላይ የወረደ በረዶ ከ400,000 በላይ ሰሌዳዎች አበላሽቷል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሲገዛ ይህ የፈተና ደረጃ በሰሌዳው ጀርባ ላይ መጻፉን ማየት ነው።

ሁለተኛ፣ ትንሿን የፋኖስ ሶላር ደመና ሲከብድ ወደ ቤት ማስገባት። ከዚህ የሚቀል መከላከያ የለም።

ሦስተኛ፣ ትልቁ ሰሌዳ መሬት ላይ በቆመ ማጠፊያ ባለው እግር ላይ ከሆነ፣ በረዶ ሲያሰጋ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ፊቱንም ከነፋሱ ማዞር ነው። በረዶው ቀጥ ብሎ ቢወርድና ሰሌዳው 60 ዲግሪ ቢያጋድል የምቱ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ሲያባራ ወደ ቦታው መመለስ አይዘንጋ።

አራተኛ፣ ጭድ የተሞላ ጆንያ ማልበስ ይቻላል፤ ጣውላ ግን መስታወቱ ላይ አይጋደም። ነጎድጓድ ከተጀመረ ማንም ጣሪያ ላይ አይውጣ! ከሰሌዳ ሕይወት ይበልጣል።

አምስተኛ፣ የወንፊት ሽቦ የሚጋርድ ሰው፣ ጥላው ኃይል እንደሚቀንስ ይወቅ።

በረዶው ከወረደ በኋላም በአካፋ መፋቅ አይገባም፤ ራሱ ይቅለጥ። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ውሃ ስለሚገባበት በእጅ ሳይነካ ባለሙያ ይጠራ። ደህና ከመሰለም ቶሎ «ተርፏል» አንበል። መብራቱ በየማታው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በደብተር እንመዝግብ፤ ከበረዶው በፊትና በኋላ ያለውን ስናስተያይ ጉዳቱ ይገለጣል። እኛ በሄድንበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ደብተር አልነበረም፤ የመብራቱንም መድከም የነገሩን ልጆቹ ናቸው።

የተመታ ገብስ ለከርሞ እንደገና ይዘራል። የተሰነጠቀ ሴል ግን አይበቅልምና፣ በምንመደብበት ሁሉ ደመናውን እያየን ሶላሩንም እናስብ።