ዌብ ሸለቆ፦ ሰው ያልተለየው የባሌ ደጋ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዲንሾ ሲደርስ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ጽሕፈት ቤት በጥድና በኮሶ ዛፎች መሐል ያገኘዋል። አብዛኛው ጎብኚ በዚያው አካባቢ የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ ያያል፤ ከዚያም በጎባ በኩል በመኪና ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ረግጦ ይመለሳል። ከዲንሾ በስተደቡብ ያለው ዌብ ሸለቆ ከዚህ መስመር ውጭ ስለሆነ የሚደርስበት ጥቂት ሰው ነው። ሸለቆ ሲባል ጠባብ ገደል የሚጠብቅ ሰው እዚያ የሚያገኘው ሌላ ነው፤ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ በመሐሉ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ወንዝ፣ ዙሪያውንም ጥንት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ዐለት። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ነፋሱ፣ ብርዱና ርቀቱ ተደምረው ይህ ሰው ያልነካው ምድር ነው የሚል ስሜት ያሳድራሉ። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ስሜቱ ስህተት ነው የሚል ነው። ዌብ ሸለቆ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያደነበት፣ እሳት ያነደደበት፣ ከብት ያገደበት ምድር ነው፤ ዛሬ የምናደንቀው የዱር ሀብት የተረፈውም ሰው ስላልነበረ አይደለም። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ ጎብኚ ከሸለቆው ግማሹን ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ይህን የዘነጋ የጥበቃ ዕቅድም ከነዋሪው ጋር መጋጨቱ አይቀርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ፊንጫ ሐበራ የሚባለው የዐለት መጠለያ ነው። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘውን ይህን ዋሻ መሰል ስፍራ የቆፈሩ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ውጤታቸውን በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። ከአፈሩ ውስጥ የድንጋይ መሣሪያ፣ የምድጃ ቅሪት፣ የእንስሳት አጥንት፣ የሰው ዓይነ ምድር ሳይቀር ወጥቷል፤ ዕድሜውም ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ይደርሳል። ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ እንደኖረ ከሚያሳዩት የዓለም ማስረጃዎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው። ዘመኑ የበረዶ ዘመን መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከሸለቆው በላይ ያሉት ከፍታዎች በዚያን ጊዜ በግግር በረዶ ተሸፍነው ነበር፤ የዛሬው የባሌ ሌሊት ከብዶት ብርድ ልብስ የሚደርብ መንገደኛ ያን ብርድ ሊገምተው ይችላል። እንዲህም ሆኖ ሰዎቹ ወጡ፤ አንድ ጊዜ ብቻም ሳይሆን እየተመላለሱ በመጠለያው ተቀመጡ። ከበረዶው የሚቀልጥ ውሃ ነበራቸው። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ሸንተረር ያመጡ ነበር፤ ይኸውም አካባቢውን ጠንቅቀው ያውቁት እንደነበር ያሳያል፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ወደ በረዶ ጥግ ድንጋይ ፍለጋ አይወጣምና። ምግባቸው ደግሞ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ነበር። በመጠለያው ከተገኙት አጥንቶች አብዛኞቹ የግዙፉ ፍልፈል ናቸው፤ ብዙዎቹም እሳት የነካቸው ናቸው።

ይህ ፍልፈል የሸለቆው ሁሉ ምሰሶ ስለሆነ ጎብኚ ቀስ ብሎ ሊያየው ይገባል። በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በቀር የትም አይገኝም። ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ይደርሳል፤ ጉልበቱ በጥርሱና በአንገቱ ነው፤ ዓይኖቹ ወደ ራሱ አናት የተጠጉ ስለሆኑ ከጉድጓዱ ብዙ ሳይወጣ ዙሪያውን መቃኘት ይችላል። ቀኑን አብዛኛውን ከመሬት በታች ያሳልፍና ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብሎ አፉ የሚደርስበትን ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ በዙሪያው ያለው ሲያልቅ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። በዚህ ሥራው አፈሩን ያገላብጣል፣ ያናፍሳል፤ የሜዳውን መልክ ከሠሩት አንዱ እሱ ነው። ቀይ ቀበሮውም የሚኖረው በእሱና በሌሎቹ የደጋ አይጦች ነው። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ይኖራል፤ ጎሕ ሲቀድ አባላቱ ተሰብስበው ድንበራቸውን ይዞራሉ፤ ከዚያ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ወደ አደን ይሄዳል። በአፈር ክምር አጠገብ ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ ሲጠብቅ የሚታየው በጠራራ ፀሐይ ነውና ለጎብኚ ከዚህ የተመቸ አዳኝ አውሬ በአፍሪካ ጥቂት ነው። ግልገሎች ሲወለዱ የምትወልደው ብዙውን ጊዜ አንዲት እናት ብትሆንም ሌሎቹ ምግብ እያመጡ ያሳድጋሉ። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች አዋቂዎቹ ብቻ ቢቆጠሩ 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ በባሌ ይኖራል፤ በባሌም ውስጥ ዌብ ሸለቆ በብዛት ከሚገኙባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። እንግዲህ ከ40,000 ዓመት በፊት ሰው የበላውን ፍልፈል ዛሬ ቀበሮው ይበላል። አዳኝ ሰውም አዳኝ ቀበሮም ያልጨረሱት አንድ እንስሳ ሁለቱንም ሲያኖር መቆየቱ፣ የሰው መኖር በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ ይልቅ አጥብቆ ይናገራል።

ከአዳኞቹ በኋላ የመጣው ዘመን የአርብቶ አደሩ ነው። የባሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ጎዳንቱ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ እንደ ወቅቱ ከብቶችን ከእርሻው አካባቢ ወደ ደጋው ሣር፣ ከደጋውም ወደ ሐረና ደን ጥላ የማዘዋወር ሥርዓት ነው። ዌብ ሸለቆ በዚህ ውስጥ ልዩ ቦታ የነበረው ስለ ሣሩ ብቻ አይደለም፤ ማዕድን ያለው ውሃ፣ ሆራው፣ ከሩቅ ከብት ይስባል። አንድ መንጋ ሆራ ጠጥቶ ሲመለስ ሣሩ ያርፋል፤ የዚህ ሥርዓት ጥበብ እረፍቱ ላይ ነው። እሳትም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ከሸለቆው በላይ ባሉ ተዳፋቶች የሚበቅለውን አስታ የተባለ ተክል እረኞች ለሣር ብለው ያቃጥሉታል፤ ይህን ያየ ጎብኚ ጥፋት ብቻ ይመስለዋል። ገርባ ጉራቻ ከተባለው የተራራ ሐይቅ ሥር የተወሰደ ደለል ሲመረመር ግን እሳትና አስታ ከ14,000 ዓመት በላይ አብረው እንደቆዩ ታውቋል። ይህ ማለት ዛሬ የሚነደው ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ የሚቃጠል አስታ ዛፍ ሆኖ ለመቆም ጊዜ አያገኝም። ነገር ግን እሳትን ባዕድ አድርጎ የሚጀምር ውይይት ከስህተት ይነሣል።

ፓርኩ ወደዚህ ታሪክ የገባው ዘግይቶ፣ በአስቸጋሪ ጊዜም ነው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ባሌ በዋቆ ጉቱ በተመራ ዐመፅ ውስጥ ነበረች፤ ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ የመሬትና የግብር በደል ነበሩ። ፓርኩ የተመሠረተው ዐመፁ ባበቃበት በ1962 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለ መሬቱ ሲዋጋ የቆየ ሕዝብ ወዲያው አዲስ ድንበር ሲሰመርበት በጥርጣሬ ቢያየው አያስደንቅም። የፓርኩ ክልል በሕግ የጸደቀው ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የቱ መሬት የማን እንደሆነ፣ ማን ማገድ እንደሚችልና እንደማይችል በወረቀትና በሜዳ የተለያየ ሆኖ ኖረ። ለዛሬው ችግር ትልቁ ሥር ይህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባዋል። የጥንቶቹ አዳኞች ጥቂቶች ነበሩ፤ ጎዳንቱም ሰው መጥቶ የሚሄድበት ሥርዓት ነበር። ዛሬ ግን በሸለቆው ቋሚ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ከብቱ በዝቷል፤ ሣሩ አያርፍም። ከእረኛው ጋር ደግሞ ውሻ ይመጣል፤ በረቱን ከጅብ የሚጠብቅለት እሱ ነውና። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮው ያሻግራል። ይህ ግምት አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ወረርሽኝ የባሌ ቀይ ቀበሮ ክፉኛ ተመናመነ፤ በ1996 ዓ.ም. በሽታው በዌብ ሸለቆ ዳግም ተነሥቶ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ቀበሮና ውሻ ተዳቅለው የተገኙትም በዚሁ ሸለቆ ነው። ስለዚህ ተቃዋሚው፣ ያለፈው ዘመን ለዛሬው ዋስትና አይሆንም ቢል እውነቱን ነው። ሆኖም ይህ እውነት የሚያስረዳው የቁጥሩ መብዛትና የሥርዓቱ መፍረስ እንደሚጎዳ እንጂ ሰው መኖሩ እንደሚጎዳ አይደለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች መለየት ለዌብ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ በልዩነቱ ላይ ይመሠረታል።

ሸለቆውን ከሰው ማጽዳት ነው መፍትሔው የሚሉ ወገኖች የ1983 ዓ.ም.ን ታሪክ ሊያስቡት ይገባል። ያን ጊዜ ሥርዓት ሲለወጥና ጥበቃው ሲላላ በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል የነበረው የደጋ አጋዘን በገፍ ተገደለ። የጠብመንጃ ዘበኛ ብቻ የሚያስጠብቀው አውሬ ዘበኛው በሄደ ማግስት እንደሚያልቅ በዚያ ታይቷል። በሌላ በኩል በ1996ቱ ወረርሽኝ ጊዜ የተሠራው ሥራ ምን ያህል ማዳን እንደሚቻል አሳይቷል። ባለሙያዎች ቀበሮዎችን ሁሉ ለመከተብ አልሞከሩም፤ በዌብና በአጎራባቹ ሜዳዎች መሐል ባሉት መተላለፊያዎች የሚኖሩትን ከተቡ፤ በሽታውም ወደ እነዚህ ሜዳዎች፣ ወደ ሞረባዋና ወደ ሳነቴ፣ ሳይዛመት ቀረ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በምግብ ተደርጎ ይሰጣል። የዚህ ሁሉ መሠረት ግን የውሾች ክትባት ነው፤ ውሻውን ጠርቶ፣ ይዞ የሚያስከትበው ባለቤቱ ነው። በሸለቆው የሚኖረው ሰው የቀበሮው የመጀመሪያ አጥር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የመንዝ ጓሳም ሌላ ምስክር ነው። በዚያ ነዋሪው ሜዳውን በራሱ ደንብ ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እየከፈተ ሣሩን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ቀይ ቀበሮ ዛሬም በጓሳ አለ። ባሌ ጎዳንቱ አላት። የጎደለው የከብቱን ብዛትና የማሳረፊያውን ጊዜ የሚወስን፣ ነዋሪውም ፓርኩም የሚያከብሩት ስምምነት ነው።

ዩኔስኮ የባሌ ተራሮችን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ መስፈርቱ የተፈጥሮ ውበቱና የብዝኃ ሕይወቱ ነበር። ክብሩ የሚገባ ነው። ግን መዝገቡ በፊንጫ ሐበራ የተቀመጡትን አዳኞችና የሆራውን እረኞች ታሪክ ዋና ምክንያቱ አላደረገም፤ ይህን ጉድለት ጎብኚው በራሱ እግር ሊሞላው ይችላል። ወንዙን መከተል ለዚህ ይረዳል። ከባሌ ከፍታዎች የሚወርደው ውሃ እስከ ሶማሊያ ድረስ 12 ሚሊዮን ለሚገመት ሕዝብ ይተርፋል ይባላል። ዌብ በሸለቆው ውስጥ ከዎላ ወንዝ ጋር ሲገናኝ በፊንጫ ሐበራ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከዚያም ከሮቤ በስተምሥራቅ ወደ ቆላው ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ይሰነጥቃል። 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ ዋሻ በውሃው የተቦረቦረ፣ በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ፣ ሙስሊሞች የሚያከብሩት ስፍራ ነው። ጊዜ ያለው መንገደኛ ደጋውንና ዋሻውን በአንድ ጉዞ ቢያያቸው አንዱ ወንዝ ከላይ እረኛን፣ ከታች ተሳላሚን እንዴት እንዳገለገለ ያስተውላል።

ለጉዞው የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው፤ ቀኑ ብሩህ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላልና ወፍራም ልብስና ጥሩ የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል። ከፍታው ራስ ምታት ስለሚያመጣ የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ማደር ይበጃል። ክፍያውና ምዝገባው እዚያው በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ አስጎብኚና ፈረስም ከአካባቢው ሰው ይገኛል። እነዚህን ከነዋሪው መከራየት የቀበሮው መኖር ለነዋሪው እንዲጠቅም ከሚያደርጉት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነውና በዋጋው አትከራከሩ። ቀበሮ ስታዩ ከሩቅ ቁሙ፤ ጉድጓዱ አጠገብ አትሂዱ፤ ውሻ ይዛችሁ ፈጽሞ አትግቡ። እረኛ ስታገኙ ሰላምታ ሰጥታችሁ ስለ ሆራውና ስለ ከብቱ ጠይቁት፤ ከማንኛውም የጉዞ መጽሐፍ የበለጠ ያስረዳችኋል። የባልጩት ስባሪ ብታዩ ደግሞ ካለበት አታንሡት፤ የተመራማሪዎቹ ሥራ ገና አላለቀም።