«ነጭ ብቻ አይደለም፣ እማማ»

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ የሥዕል ተማሪዎች ዐውደ ርእይ ላይ እንድገኝ ጋበዘችኝ። ሁለተኛ ዓመት ናት። ከቤት ሳንወጣ አንድ ነገር አስማለችኝ። «እማማ፣ ማንም ልጅ ሥዕል ፊት ቆመሽ ‹ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?› እንዳትይ። ‹እንዴት ሠራኸው?› በይው፤ ትርጉሙን ራሱ ይነግርሻል» አለችኝ። በነርስነት ዘመኔ በሽተኛን «ምንህ ነው?» ከማለት «መቼ ጀመረህ?» ማለት የበለጠ እንደሚያናግረው አይቻለሁና ምክሯ አልከበደኝም።

መጀመሪያ የቆምሁት ጥቁርና ነጭ የእንጨት ህትመት ፊት ነው። ውሃ ለመቅዳት የተሰለፉ ጄሪካኖች ይታያሉ፤ ሰው ግን የለም። «እንዴት ሠራኸው ልጄ?» አልሁት። ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በመቅረጫ እቆፍራለሁ። የቆፈርሁት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያልነካሁት ቀለም ይይዛል። ወረቀቱ ላይ ሲታተም ግራው ቀኝ ስለሚሆን ሁሉንም ገልብጬ ነው የማስበው» አለኝ። ከዚያ ወደ ሥዕሉ አስጠጋኝ። አንዱ ጄሪካን ወደ ጎረቤቱ ዘመም ብሏል፤ ሐሜት ላይ ናቸው። አንዱ ከሰልፉ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። ትንሿ ደግሞ ትልቋ ጥግ ተለጥፋለች። «ሰዎቹ ደክሟቸው ጥላ ሥር ሄደዋል። ዕቃቸው ነው ተራ የሚጠብቅላቸው» አለኝ። የአንዱ ጄሪካን እጀታ ገመድ ነበር። መቅረጫው አዳልጦት እጀታውን ቆርጦበት ኖሯል። «እንጨት ላይ ላጲስ የለም፣ እማማ። ስለዚህ በገመድ ጠገንሁት» ብሎ ሳቀ። እውነትም ከሰልፉ ሁሉ የሰፈራችንን ጄሪካን የሚመስለው ያ ነበር።

ሁለተኛዋ ልጅ ቤተሰቧን ስላለች። እናትና ሦስት ልጆች ዓይናቸውን አፍጥጠው ፊት ለፊት ያያሉ። አባት ግን በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን እንደሚሳሉ ስለማውቅ ደነገጥሁ። መሐላዬን ረስቼ «አባትሽ ምን አድርጎሽ ነው?» ብዬ አረፍሁት።

አልተቀየመችም። «ሁሉም እንደ እርስዎ ይጠይቀኛል። አባቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቤት ሲመጣም ሲሄድም ሌሊት ነው። እኔ የማውቀው ግማሹን ነው። ሌላውን ዓይኑን የደበቅሁት እሱን ለመክሰስ አይደለም፤ እስኪያሳየኝ እየጠበቅሁ ነው» አለችኝ። ዓይኑ ተስሎ እንዳለቀም ነገረችኝ። ያ ጨለማ ቦታ ሥር ሌላኛው ዓይን አለ፤ ስላው ስታበቃ በጥቁር ቀለም ሸፍናዋለች። አባቷ ሥዕሉን አይቶት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ገና ነው፤ መንገድ ላይ ነው» አለች።

ከዚያ የልጅ ልጄ እጄን ይዛ ወደ ራሷ ሥዕል ወሰደችኝ። ግድግዳ ላይ ምስማር፣ ምስማሩ ላይ ነጭ የነርስ ጋውን። ሌላ ምንም የለም። አሁን «እንዴት ሠራሽው?» ማለቱ እኔንም ጨነቀኝ።

«ነጭ ብቻ አይደለም፣ እማማ። ቀረብ ብለሽ እዪው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እጥፋቱ ውስጥ ሰማያዊ አለ፣ ብብቱ ሥር ቢጫ፣ ጫፉ ላይ አመድማ። ነጭን ነጭ የሚያስመስለው አጠገቡ ያለው ጥላ ነው አለችኝ። የዘይት ቀለም ሲደራረብ ታችኛው ቀጠን ያለ፣ ላይኛው ዘይት የበዛበት መሆን አለበት። ከተገለበጠ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ኋላ ይሰነጠቃል። ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደከመችም። ጥልቅ ቁስልም እንደዚያው ነው፤ ከሥር ካልዳነና ቆዳው ቀድሞ ከገጠመ መግሉ ውስጥ ይቀራል።

«ለምን ጋውን ሳልሽ?» አልኋት።

«አባዬ ልጅ ሆኖ ደጋግሞ ይስለው የነበረው እሱን ስለሆነ። አንቺ የሌሊት ተረኛ ሆነሽ አድረሽ ስትመጪ ጋውኑን ሰቅለሽ ትተኚያለሽ። ከአንቺ ይልቅ ጋውኑን ነበር የማየው አለኝ።»

እዚህ ላይ ለእናንተ ለወላጆች መናገር ያለብኝ አለ። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የሒሳብ ውጤቱ ወረደ። የሥዕል ደብተሩን ከፍራሹ ሥር አገኘሁና ከሰል አቀጣጠልሁበት። አንዷን ገጽ እንኳ ገልጬ አላየሁም። ዛሬ የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ልጆቹን በወጉ ያሳድጋል። ለዓመታት «ደግ አደረግሁ» እያልሁ ኖሬአለሁ። ደብተሩ ውስጥ የነበረው የእኔ ጋውን መሆኑን ግን ያወቅሁት በዚያ ቅዳሜ ነው።

የእኛ ጭንቀት እንጀራ ነው፤ ጭንቀቱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አፈወርቅ ተክሌም በወጣትነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። ወደ ሥዕል ባይዞሩ ኖሮ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ዛሬ አናይም ነበር። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ሁሉም ልጅ አፈወርቅ አይሆንም። ደብተሩን ገልጦ ማየት ግን ምንም አያስከፍልም።

ነርስ ነኝና ሥዕል የሚሠራ ልጅ ላላችሁ ጥቂት ልምከር። በአኳራጅና በቲነር ሲሠራ መስኮት ይከፈት፤ በሚተኛበት ክፍል ባይሠራ ይመረጣል። አንዳንድ ቀለማት እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች አሉባቸው። ስለዚህ ቡሩሽ በከንፈር አይሾልም፤ እጅ ሳይታጠቡ አይበላም። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተከመረ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ። ከሁሉም በላይ ቲነር በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አይቀመጥ፤ ታናሽ ወንድም ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ዕቃውንም ይዛችሁ ሂዱ።

እሑድ ልጄ ለቡና መጣ። ሁለተኛው ሲቀዳ የደብተሩን ነገር አነሣሁና ይቅርታ ጠየቅሁት። «እማዬ ደግሞ! ስንት ዘመኑን፤ ረስቼዋለሁ» አለኝ። እንዳልረሳው ሴት ልጁ ነግራኛለችና ዝም አላልሁም። «ጋውኑን እንዴት ነበር የምትስለው?» አልሁት።

ስኒውን አስቀመጠና ትንሽ አሰበ። «ከኪሱ ነበር የምጀምረው። ቴርሞሜትርሽ እዚያ ነበር» አለኝ። ከዚያ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ስለ ኪሱ፣ ስለ አንገትጌው፣ ስለ ተነቀለው ቁልፍ ሲያወራ ቆየ። እኔም ሰማሁት።